ስሙን ያልሰማሁት

ይመር ከችግኝ ጣቢያ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ
ሃያ ፍሬ ሰጠኝ፤ «ለጥላም፣ ለከብትም» ብሎ።
ስሙንም ነገረኝ፤ ከንፈሩን አየሁት፤
ከመንገዱ ጩኸት ለይቼ አልሰማሁት።
ሃያ ስድስት ዓመት፣ ኮምቦልቻ፣ ሽመናው ክፍል ውስጥ
ማሽን ሥር የቆመ ምን ጆሮ አለው የሚሰጥ?
ደግሜ አልጠየቅሁም። የሚደግም ይታክታል።
ራሴን ነቀነቅሁ፤ ይህ ሁሉን ያግባባል።

ፍሬው ጠፍጣፋ ነው፣ ቡናማ፣ ከምስር ከፍ ያለ፤
ጥፍር አይገባውም፤ በሰም የታሸገ ደብዳቤ መሰለ።
«እንዲሁ ብትቀብረው...» መዳፉን ጉንጩ ሥር አስገብቶ ተኛ፤
ዓይኑንም ጨፈነ። ገባኝ፦ ይህ ፍሬ እንደኛ
በሩን የዘጋ ነው፤ ቢጠሩት አይነቃም።
«ውሃ አፍላ» አለ፤ በጣቱ እንፋሎት ሠራ፤
ቀጥሎ ያለውን የአሸዋ መኪና
ይዞት ሄደ ከነአቧራ።

አሥሩን ድስት ውስጥ ጨመርኩ፣ እንደ ንፍሮ ቀቀልኩ፤
ልጣጩ ሲለቅ ሳይ፣ «ነቃ» አልኩ፤ ቀበርኩ።
አንድ ሳምንት። ሁለት።
በሦስተኛው አፈሩን በስንጥር ጫርኩት፤
ገንፎ ነው ያገኘሁት።
ይመር ሲሰማ ሳቀ፣ መንጋጋው እስኪታይ።
ከዚያ በእርሳስ ጻፈልኝ፣ የሲጋራ ካርቶን ላይ፦
«መጀመሪያ ከእሳት አውርድ።
ከዚያ አፍስበት።
ይደር።»

የቀሩትን አሥር እንደ ጽሑፉ አደረግሁ።
ሲነጋ ሰባቱን አብጠው፣ ዕጥፍ ሆነው አየሁ፤
ሦስቱ ግን እንዳሉ፦ ድርቅ፣ ጠጠር፣ እምቢ።
እነዚህን ወደድኳቸው። ሞረድ አወጣሁና
ጎናቸውን ፋቅ ፋቅ፣ ቀስ ብዬ፣ እንደ ምላጭ ሲሳል፣
ነጭ እስኪያሳዩ ድረስ። ሰው እንዲህ ቢሞረድ፣ ይድናል?

የዘይት ጀሪካን ከወገቡ ቆርጬ፣
የቦርከና አሸዋ ከፍግ ጋር ደባልቄ፣
በዘጠነኛው ቀን ጎንበስ ብዬ ባይ
አንገቱን እንደ ቀለበት አጥፎ፣ ራሱን ከአፈር ላይ
የሚጎትት ነበር። ከዚያ ሌላ። አምስት ሆኑ።
ማታ ማታ ቅጠላቸውን እንደ መጽሐፍ ከደኑ።

ለሐምሌ አወጣኋቸው ወደ ግቢው፣ ከአጥሩ ሥር።
የጦይባ ፍየል አራቱን በላች በአንድ ጀምበር።
ጦይባ መጣች፤ እጇን እያወናጨፈች ብዙ ተናገረች፤
ይቅርታ ይሁን ስድብ፣ እንጃ፤ ሻሿን አስተካክላ ሄደች።
እኔም ራሴን ነቀነቅሁ።
የቀረውን አንዱን በእሾህ፣ ከፋብሪካ በገዛሁት
የተጣለ ሽቦ፣ ዙሪያውን አጠርኩት።

ይኸው በስድስተኛው ዓመት ከቆርቆሮው አለፈ፤
ጥላው ግን ለደጄ ታስቦ፣ ከደጄ መቼ አረፈ!
ፀሐይ ወደ ደሴ ዳገት ስታዘነብል፣ ከቀትር በኋላ፣
እንደዚያች ፍየል አጥሩን ይዘላል ጥላ፤
ጦይባ ግቢ ይተኛል። ፍየሎቿም እዚያው ሥሩ።
ቅርንጫፍ ስትቆርጥ አያታለሁ፤ ዝም ነው ነገሩ።
አንዳንዴ አጥሩ ላይ ወተት በጣሳ አገኛለሁ፤
አንዳንዴ ጣሳው ባዶ ነው፤ ድመት ቀደመችኝ እላለሁ።

ጥር ላይ ቅጠሉ ረግፎ፣ ፍሬው በሰገባው ሲደርቅ፣
ጦይባ መጥታ ጆሮዬ ሥር ጮኸች፦ «ሌሊቱን ሲንቋቋ፣ ሲስቅ
አላስተኛ አለኝ፣ ዛፍህ!»
«ምን ይመስላል?» አልኳት።
አሰበች። አንድ ሰገባ ቀጥፋ ጆሮዬ ላይ ነቀነቀች።
ምንም።
ትከሻዋን ሰብቃ ወደ ፍየሎቿ ተመለሰች።

ማታ ነፋሱ ሲነሳ ወጥቼ መዳፌን ግንዱ ላይ ጣልኩ።
ትንሽ ቆይቶ መጣ፣
የማውቀው መንቀጥቀጥ፦ የሽመናው ክፍል ወለል
በጫማዬ ሶል በኩል
ማሽኖቹ መነሳታቸውን ይነግረኝ እንደነበር ያህል።
እስኪበርደኝ ቆምኩ።

ይመር ጡረታ ወጥቶ ሐርቡ ገብቷል አሉ።
ስሙን እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም።
የሲጋራ ካርቶኑ ግን አለ፣ ከመስኮቱ ጥግ፤
እርሳሱ ደብዝዞ፣ ከሦስቱ መስመር
የሚነበበው የመጨረሻው ብቻ ነው፦
«ይደር።»